ቀበርቾ የተነቀለበት ማሳ

ሳጅን አሰገደች በየማለዳው በገዛ በሯ አጠገብ ታልፋለች። በሩ ያለው ግን እሷ ቤት አይደለም፤ ከሰፈሯ መታጠፊያ፣ የአቶ ደሳለኝ የእህል መጋዘን ላይ ነው የተገጠመው። ሰማያዊ ቀለሙ ተላልጧል። ከወገቡ ዝቅ ብሎ የባሏ ፍየል በቀንዷ የሞነጨረችው ጭረት እስካሁን አለ። እናት ልጇን በጨለማ እንደምታውቅ ያን በር ታውቀዋለች።

ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ሰሞን ቆልፋው ነው የወጣችው። በታኅሣሥ ስትመለስ ቁልፉ በኪሷ ነበር፤ በሩ ግን የለም። ቤቱ አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፤ ጦርነቱ ወሰደው። የእከሊትን አልጋ ጦርነቱ ወሰደው፣ የእከሌን ቴሌቪዥን ጦርነቱ ወሰደው። ጦርነቱ የሷን በር ከመቃኑ ነቅሎ፣ ሦስት አጥር ተሻግሮ፣ አቶ ደሳለኝ ግቢ ማንጠልጠሉን ግን አንድም ሰው አላነሳም።

ማንስ ያነሳል? አቶ ደሳለኝ የቅሬው ሰብሳቢ ናቸው። በወሎ ምድር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀባበረው በቅሬ ነው። ባሏን ያስቀበሩላት እሳቸው፣ ነገ እሷንም የሚያስቀብሯት እሳቸው ናቸው። ቀባሪውን ሌባ ብሎ የተናገረ ሰው በሞተ ቀን ማን ደጁ ይቆማል? ስለዚህ መቃኗ ላይ ቆርቆሮ በሽቦ አስራ፣ ሌሊት ነፋስ ሲያንገጫግጨው እየሰማች ሁለት ዓመት ኖረች። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ አሰጉ» ይሏታል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በሩን በጎን እያየች ታልፋለች።

በመስከረም 2016 አንድ ማለዳ ወደ ሥራዋ ወደ ውጫሌ ስትሄድ፣ መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ከሷ ቀድሞ ሚኒባሱ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ያኛው ጦርነት አለቀ ሲባል ሌላ ተኩስ መጥቷል። መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ከመሸ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሰው ሁሉ በችካል እንደታሰረ በሬ ገመዱ የሚደርስለትን ያህል ብቻ ነበር የሚግጠው።

የፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስሟ ራዚያ ነው፤ ከውጫሌ ወረድ ብሎ ካለው ከጨፌ ሜዳ ነው የመጣችው። አሰገደች ወንበሯን ስባ እንደተቀመጠች ሴትየዋ ከነጠላዋ ስር ሁለት እስር ጤፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ ከጣት የማይበልጥ፣ ቢጫ፣ የተጨማደደ ነው። ሁለተኛው ጉልበት የሚደርስ፣ አናቱ የተንዠረገገ።

«ሁለቱም ካንድ ማሳ ናቸው፤ ባንድ ቀን የተዘሩ» አለች ራዚያ። «መሬቴን ሰው ገድሎብኛል፣ ሳጅን።»

ከዚያ ታሪኳን ዘረገፈችው። ባሏ ኡስማን ሳዑዲ ሲሠራ ከፎቅ ወድቆ እግሩ በብረት የተጠገነ ሰው ነው። ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት እያነከሰ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወንድሙ ኑርዬ ሲያርሰው የኖረውን የገዛ መሬቱን ተረክቦም እህል ሳይሆን ቀበርቾ ተከለበት። ሥሩ የሚታጠነውን፣ ለሳል ለምቹ የሚባለውን መድኃኒት ማለት ነው። መንደሩ ሳቀበት። ኮሮና ሲመጣና አገሩ ሁሉ ቤቱን በቀበርቾ ማጠን ሲጀምር ግን የሳቀው ሁሉ ሥር ሊለምን መጣ። በመስከረም 2014 ኡስማን የቀረውን ሥር ነቅሎ ሊጨርስ ሲል፣ እሷ እንደ ወጉ ለመውለድ ሐይቅ እናቷ ቤት ሄደች። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ሕፃኗን ሪታጅን ታቅፋ ስትመለስ ባል የለም።

ኑርዬ፣ ኡስማን ከሸሹት ጋር ወደ አፋር ወርዶ ባሕር ተሻገረ አላት። አልፎ አልፎም ደወለልኝ፣ ደህና ነው ይላታል። ለምን ለሷ እንደማይደውል ስትጠይቅ፣ ያለበት ቦታ አያስደውልም፣ ታገሺ ይላታል። እናቴ ቤት ልሂድ ስትል አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው።

«‹ኡስማን ሲመጣ ምን እንበለው?› ይለኛል» አለች ራዚያ። «ባለ ባል አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። የምበላው ከሱ እጅ ነው። ይኼ ጤፍ ነበር የኔ የምለው የመጀመሪያው እህል። ቢያዝልኝ ኖሮ ልጄን ይዤ፣ ማንንም ሳልለምን ሐይቅ እገባ ነበር።»

ማንን እንደምትጠረጥር ተጠየቀች። መንደሩ በሙሉ የሚጠረጥረው አቶ አስረስን ነው። ከግሸን ግርጌ መጥተው ከማሳዋ በላይ የሰፈሩ፣ ሥር የሚምሱ ባለ መድኃኒት ናቸው። የቀበርቾውን ዘር ለኡስማን የሰጡት እሳቸው፣ በጎርፍ መሄጃ የተጣሉትም እሳቸው፣ ከዘሩ በፊት በሰው ፊት «ያ መሬት ለእህል አይሆንም» ያሉትም እሳቸው ናቸው። የቀበሌው ሚሊሻ ትናንት ማታ ይዟቸው መጥቶ ጓዳው ውስጥ ተዘግቶባቸዋል።

አለቃዋ ነገሩን ሲሰማ ፊቱን አሸ። ሰው በሚሞትበት ዘመን ጤፍ ሞተ ብለን መዝገብ ልንከፍት ነው ወይ አላት። መንገድ ሳይዘጋ ቶሎ ጨርሺው ብሎ ግን ፈቀደ።

---

አሰገደች ማሳው ዳር ቆመች። እርሻ አይመስልም። መሬቱ በጤፍ ፋንታ ቢጫ ላብ ያላበው ነው የሚመስለው። ከዳር እስከ ዳር የቀጨጨ ነው። ከመሐሉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መደብ የሚያህል፣ ጤፉ ለምልሞ ጭንቅላቱን ደፍቷል።

ኑርዬ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። አርባ ያለፈው፣ ትሁት፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚጥል ሰው ነው። ወላሂ ወደ ፖሊስ መሄዷን አልሰማሁም፣ ብሰማ እከለክላት ነበር አለ። የአላህ ሥራ ነው፣ ሰው የለበትም። እሱ መሬቱ ይረፍ ብሎ ነበር። የመንደሩ ቅሬ ግን የጠፋ ሰው ሚስት ጾሟን አታድርም ብሎ በደቦ አረሰላት፤ እሱ ሲከለክል ደግሞ ኸሚስ የሚባለው ጎረቤት በሰው መሐል «ያንተ በሬ ነው ወይስ የሷ ሆድ የሚያሳዝንህ?» ብሎ አሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ምን ይበል?

«ነገ ከብት ላስገባበት ነው፤ ጭድ እንኳ ይሁን» አለ።

«ማንም አይነካውም።»

«ጤፍ እኮ ነው፣ ሳጅን።»

«እኔም ጤፉን ነው ያልኩት።»

ወንድሙ የጠፋበትን ጊዜ ጠየቀችው። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞት ነበር፤ እስላም መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው። ሥሩን አብረው ነቅለው ጨረሱ፤ የመሣሪያ ድምፅ ሲቀርብ እሱ ከብቶቹን ይዞ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወረደ፤ ኡስማን ቤት ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ሐይቅ ከተማ ሲደበደብ እሱ አርዲቦ ሆኖ እየሰማ ነበር። ሲመለስ ራዚያ ቤት ገብታ አገኛት፤ ኡስማን የለም። በኋላ ደወለለት።

«በዚያ መሐል ማሳውን የነካው አለ?»

«ሥር ከተነቀለ ወዲህ ደቦው እስኪመጣ ዶማ ያሳረፈበት የለም። እሾህ ከምሬ ዘግቼው ነው የሄድኩት።»

አሰገደች ከሦስት ቦታ አፈር በፌስታል ቋጠረች፤ ከቀጨጨው፣ ከለመለመውና ከኑርዬ ማሳ። የለመለመው አፈር እጇ ላይ ቀላ አለ። የሌላው ጥቁር ነበር። ያኔ ነገሬ አላለችውም።

---

አቶ አስረስ ከጓዳው ሲወጡ ፀሐይ አይናቸውን ወጋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን አላረጀም።

«መሬት ገድዬ ምን ልብላ፣ ልጄ? ጎረቤቴ ቢራብ የሚመጣው እኔ ቤት ነው።»

«ለእህል አይሆንም ብለው ነበር፤ በምን አወቁ?»

«በኛ አገር ቀበርቾ የተነቀለበት ላይ አንዘራም፤ ከብት እናሳድርበታለን። አባቴ እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ። ለምን ብትዪኝ አላውቅም። ምቀኛ ተክል ነው፣ ከሱ በኋላ የመጣውን አይወድም እንላለን።»

መልሱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። በዚያ ሰሞን ግን ምቀኛ የሚለው ቃል ብቻ ሰው ያስገድል ነበር። ውጭ የቆሙት የጨፌ ሜዳ ወጣቶች ሽማግሌው ከመንደሩ ይውጣልን እያሉ ነው። አሰገደች እዚያው ጓዳ መለሰቻቸው። ከመታሰራቸው ይልቅ መፈታታቸው አስፈራት።

አፈሩን የግብርና ባለሙያዋ ሂንድ ዘንድ ወሰደችው። ሂንድ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። የዘንድሮን ጤፍ ሁሉ የማዳበሪያ እጥረት ነው የገደለው ብላ ጀምራ ነበር፤ ሁለቱን እስር ስታይ ግን ሳቋን ገታች። ላቦራቶሪ ደሴ ነው፣ መንገዱ ደግሞ አይታመንም። ጥቂት አሰበችና ከምግብ ቤት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አስመጣች።

«ፌጦ እንዝራ፣ እትዬ አሰገደች። ፌጦ ቶሎ ነው የሚናገረው።»

ሦስቱን አፈር በሦስት ጣሳ፣ አራተኛውን ደግሞ ጥሩ አፈር አድርጋ የቀበርቾ ሥር ወቅጣ የዘፈዘፈችበትን ውሃ አጠጣችው። አሰገደች ጣሳዎቹን በየቀኑ እንደ በሽተኛ ጠየቀቻቸው። የኑርዬ ማሳ አፈር ላይ ፌጦው ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ከቀጨጨው ቦታ በመጣው ላይ አንዳንዱ ብቻ በቅሎ ጫፉ ተቃጠለ። የቀበርቾ ውሃ የጠጣውም ልክ እንደዚያው ሆነ። ከለመለመው ቦታ የመጣው ግን እንደ ደህናው ማሳ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቃቸው።

ሂንድ ነገሩን በቀላሉ አስረዳቻት። አንዳንድ ተክል በሥሩ የራሱን ቅመም አፈሩ ውስጥ ይለቃል፤ ሌላ ተክል አጠገቡ እንዳይበቅል መከላከያው ነው። ሥሩ ሲነቀል ቅሪቱ አፈር ውስጥ እየበሰበሰ ያው ቅመም ይቆያል። በኋላ የተዘራ እህል ሥሩ ይቆረፍዳል፣ ምግብ አይስብም። ሰው የጨመረው መርዝ የለም። ገዳዩ ቀበርቾው ራሱ ነው።

አለቃዋ ሲሰማ ደስ አለው። ሽማግሌው ይፈቱ፣ መዝገቡ ይዘጋ አለ። አቶ አስረስ ሲወጡ ሂንድ አብራቸው ሄዳ፣ ለወጣቶቹ ጣሳዎቹን እያሳየች አስረዳች። ወጣቶቹ አፍረው ተበተኑ።

ራዚያ ግን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሪታጅ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

«እንግዲህ ሰው የለበትም ማለት ነው» አለች። «አልሐምዱሊላህ። ግን እንደገና ኑርዬ ቤት ልመለስ ነው።»

አሰገደች እስከ ጣቢያው በር ሸኘቻት። ማታ ቤቷ ገብታ ቆርቆሮውን በሽቦ ስታስር እጇ ቆመ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። ሥሩ ያለበት ሁሉ ታመመ። እሺ። መላው ማሳ ቀበርቾ ነበር። ታዲያ ያ መሐል ያለው መደብ በምን ዳነ? ሁሉም፣ እሷም ጭምር፣ የታመመውን ሲጠይቁ ነው የከረሙት። የዳነውን የጠየቀው የለም።

ነፋሱ ቆርቆሮውን እስኪነጋ ሲያንገጫግጨው አደረ።

---

ሂንድን በማለዳ ይዛ ማሳው ላይ ቆመች። ሂንድ ለምለሙ ቦታ ላይ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ፈለፈለች፤ ቀይ ነው። ሁለት እርምጃ ወጣ ብላ ፈለፈለች፤ ጥቁር።

«ቀዩ አፈር እዚህ አገር ከታች ነው ያለው፣ የቀበርቾ ሥር ከማይደርስበት። እዚህ ቦታ የታችኛው ላይ ወጥቷል፣ የላይኛው ታች ገብቷል። ማረሻ ይኼን አያደርግም፣ እትዬ። ይኼ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር።»

«ከሥሩ መነቀል በፊት ነው በኋላ?»

«በፊትማ ቢሆን ቀበርቾው ላዩ ላይ በበቀለ፣ ጤፉም በታመመ። በኋላ ነው።»

አሰገደች መደቡን በዓይኗ ለካችው። ልኩ ያስፈራል። ግን ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ገና አፏን ስትከፍት መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሬሳም ቢኖር የጦርነቱ ነው፣ በየጋራው የወደቀውን ሁሉ ልታወጪው ነው ወይ፣ ተይው ይተኛ። ጦርነቱ። እዚህም ጦርነቱ ነው የበላው።

መንገዱ ክፍት ሆኖ ባደረበት ቀን አርዲቦ ወረደች። ኑርዬን አስጠጋሁት ያለው ገበሬ ሀሚዱ ይባላል፤ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ሲያጠጣ አገኘችው። አዎ፣ በዚያ ጊዜ ኑርዬ መጥቶ እኔ ጋ ነው ያረፈው፣ ደግ ሰው ነው፣ ምን አደረገ አላት። እሷም እንዲያው ለወንድሙ ጉዳይ ነው ብላ ወሬውን አስፋችው። የሐይቅ ከተማ ተኩስ እዚህ ድረስ ያሰማ ነበር አይደል?

«ኧረ ምድር ይንቀጠቀጥ ነበር! ልጆቹን አልጋ ስር ነበር የደበቅናቸው።»

«ኑርዬም ልጆቹን ሲያባብል ነበራ?»

ሀሚዱ አካፋውን ተደገፈ። «የለም፣ እሱ ገና አልመጣም ነበር። እሱ የመጣው ሐይቅ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። መንገዱ ላይ እንዴት አለፍክ ብለን ገርሞን ነበር። እጁ ደግሞ ውሃ ቋጥሮ፣ ተልጦ፣ ሚስቴ ቅቤ ቀባችው። ሥር ስነቅል ነው አለን፤ ያ ቀበርቾ ጠንካራ ነው መሰለኝ።»

ሥሩ ተነቅሎ ያለቀው ተኩሱ ሳይጀምር ነው። አሰገደች ስለ ሽንኩርቱ ጥቂት ጠይቃ፣ አመስግና ተነሳች።

---

ኑርዬን ጣቢያ የጠራችው የራዚያን ጉዳይ ለመዝጋት ነው ብላ ነው። ሰዓት እላፊው ሊደርስ ሲል ነበር፤ ሰውዬው ቶሎ ልሂድ እያለ በሩን ያያል። አቶ አስረስ ነፃ ወጡ፣ መርዝ የለም፣ ቀበርቾው ነው ብላ ስታስረዳው ትከሻው ወረደ። እኔም ብዬ ነበር አለ።

አሰገደች መዝገቡን ልትዘጋ እንዳለች ሰው ሆና እስክሪብቶዋን ከደነችው።

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ያ የለመለመው ቦታ ተቆፍሮ ነበር አለችኝ የግብርናዋ ልጅ። በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ የተቆፈረበት ማሳ ብዙ ነው። ያንተም ወንድም ማሳ ላይ ቆፍረው ነበር መሰለኝ?»

ሲያመነታ አየችው። ከዚያ የተከፈተለትን በር ዘሎ ገባበት።

«አዎ። ረስቼው ነው። ታጣቂዎች ቆፍረውት ነበር፤ እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«መቼ?»

«ከአርዲቦ ስመለስ።»

«ስትመለስ ራዚያ ቤት ገብታ አግኝተሃታል፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። እሷ ስትገባ ማሳው ሜዳ ነበር፤ እሾህ ተከምሮበት። ጉድጓድ አላየሁም ብላኛለች።»

«እንግዲያ ከመሄዴ በፊት ይሆናል።»

«ከመሄድህ በፊት ታጣቂ አልደረሰም ነበር። ገና ድምፁ ሲቀርብ ነው የሄድኩት ብለሃል።»

ኑርዬ ከኋላው ያለውን በር አየ፤ ከፊቱ ያለችውን ሴት አየ። በሁለቱም በኩል መውጫ አልነበረም።

«የሐይቅን ተኩስ የት ሆነህ ነው የሰማኸው፣ ኑርዬ?» አለች፣ ቀስ ብላ። «አርዲቦ አልነበርክም። ሀሚዱ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል። እጅህ ድኖልሃል ወይ ብሎኛል።»

ኑርዬ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሰዓት እላፊው ደረሰ። ኑርዬ አቶ አስረስ የታሰሩበት ጓዳ ውስጥ አደረ።

---

በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሳው ሲቆፈር የጨፌ ሜዳ ቅሬ በሙሉ ቆሞ ነበር። ራዚያ ከሴቶቹ ፊት ነች። የቀበሌው ሊቀመንበር እስከ መጨረሻው የጦርነቱ ሬሳ ነው ማለቱን አልተወም፤ ቆፋሪዎቹ እስከ ደረታቸው ሲገቡ እንኳ እንደዚያው ይል ነበር።

ከታች የደረሰው ኸሚስ ነው፤ ያ በደቦው ቀን ኑርዬ ላይ ያሳቀበት። አካፋውን ጣለና በእጁ ጠረገ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሽማግሌዎች፣ ኑ እዩ» አለ። «ይኼ ለህድ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩ። የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ እስላም ወግ በቂብላ፣ በመካ አቅጣጫ፣ ገባ ተደርጎ ተፈልፍሏል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘግቷል። ድንጋዩ ሲነሳ ሬሳው በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሯል። በነጭ ጨርቅ ተከፍኗል። ሸኹ «ኢና ሊላሂ» ብለው ጀመሩ፣ ሕዝቡ ጨረሰው።

እያንዳንዱ በልቡ ያንኑ አሰበ። የጦር ሜዳ ሬሳ እንዲህ አይቀበርም፤ የቸኮለ ታጣቂ አፈር አልብሶት ይሄዳል። መንደሩ ቀብሮት ቢሆን ደግሞ ቅሬው ባወቀ፤ ሰው ማሳ ላይ አይቀበርም። ይኼን የቀበረ ብቻውን፣ ተደብቆ፣ ግን አላህን እየፈራ ነው የቀበረው። ሊቀመንበሩም አፉን ዘጋ። ጨርቁ ከእግሩ በኩል ገለጥ ሲል ቅልጥሙ ላይ የታሰረ ብረት ታየ።

ራዚያ አልጮኸችም። ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀርባ ብረቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ» አለችው። «አሁን የመበለትነት ኢዳዬን ልጀምር።»

ማታ ኑርዬ ራሱ ተናገረ። መሬቱን ሲያርሰው፣ ሲንከባከበው ኖሮ፣ ኡስማን ከዓረብ አገር መጥቶ በአንድ ቀን ተቀበለው። መቀበሉ ሳያንስ እህል የሚያበቅለውን መሬት በመድኃኒት ገደለው። ቂሙን እንደ ሥር ወደ ታች ሲሰድ ቆይቶ፣ መንደሩ ሸሽቶ ሁለቱ ብቻ በቀሩበት ቀን በሥር ክፍፍል ተጣሉ። እጁ ላይ ዶማ ነበር። መሬቱ ከቀበርቾ በኋላ ለዓመታት አይታረስም፣ ማንም አያየውም ብሎ ነው እዚያ የቀበረው። ቅሬው ለወንድሙ ሚስት አዝኖ በደቦ እንደሚያርስ ከየት ይወቅ?

አሰገደች አንድ ነገር ጠየቀችው። ለምን ያን ያህል አጠለቀው? ላይ ላዩን ቢቀብረው ቀዩ አፈር ባልወጣ፣ ጤፉም ባላጋለጠው።

ኑርዬ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ወንድሜ እኮ ነው፣ ሳጅን። እንደ ውሻ ልቅበረው?»

---

ራዚያ ልጇን ይዛ ሐይቅ እናቷ ቤት የገባችው መንገድ በተከፈተ ቀን ነው። በሚኒባሱ አሰገደች አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ሐይቅ ሲደርሱ ራዚያ እጇን ይዛ፣ ሬሳውን ስላወጣሽልኝ አይደለም የማመሰግንሽ አለቻት፤ ጦርነቱ በላው ሲሉኝ ዝም ስላላልሽ ነው።

አሰገደች ከሚኒባሱ ስትወርድ ያ ቃል አብሯት ወረደ። ጦርነቱ በላው። ጦርነቱ ወሰደው። ለሰው ሲሆን ዝም አላለችም። ለራሷስ?

ቤቷ አልገባችም። አናጺው ጋ ጎራ ብላ መፍቻና መዶሻ ተዋሰች፤ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ አቶ ደሳለኝ ግቢ ገባች። ቅዳሜ ነበር። የቅሬው ሽማግሌዎች ዛፉ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። መጋዘኑ ፊት ቆማ የገዛ በሯን አንኳኳች።

«ቤቶች!»

አቶ ደሳለኝ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሱ። ምን ፈለግሽ አሰጉ አሉ። ከኪሷ ቁልፉን አወጣች። ሁለት ዓመት በኪሷ የተሸከመችው ያው ቁልፍ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ከተተችና አዞረችው። ጓ ብሎ ተቆለፈ። መልሳ አዞረችው፤ ተከፈተ።

ጥላው ስር ያለው ሁሉ ሰማው።

ቁልፉን ኪሷ መለሰችው። ማጠፊያውን በመፍቻ መፍታት ጀመረች። ዝጎ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ታገለችው፤ ላቧ ጠብ ጠብ አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። እሷም የመጣው ይምጣ ብላለች፤ ሬሳዬን ጅብ ይብላው እንጂ በራፌን ነፋስ ሲበላው አላድርም። የመጨረሻው ብሎን ሲለቅ በሩ ሙሉ ክብደቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ልትወድቅ ተንገዳገደች።

ያን ጊዜ በሌላኛው ጫፍ ክብደቱ ቀለለ። ዞር ስትል አቶ ደሳለኝ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ፊቷን አላዩም።

«አንቺ ከፊት ሁኚ» አሉ። «መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሦስቱን አጥር ተሸክመውት አለፉ። ማታ አሰገደች ቆርቆሮውን ጓሮ ጥላ፣ በሯን መቃኑ ላይ መልሳ ገጥማ፣ ዘግታ ተኛች። ነፋሱ መጣ፤ ገፋ አደረገው፤ ሄደ።